ስለ ጨረቃው መጽሐፌ ግለ ሂስ አላደርግም

ሐይቅ፣ ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ በመምህራን የውይይት ሰዓት የፖለቲካ ኃላፊው መጽሐፌን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። ሰዎች ጨረቃ ላይ ከተማ ሠርተው ስለሚኖሩበት ዘመን የሚያወራውን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼው አግኝቶታል።

«ጓድ፣ ይህ ቅዠት ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። እኔን ግን ደስ ያሰኘኛል» አልኩት።

ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዘኝ። ተነሣሁ። ጥፋቴን ልናገር አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ብትመልሱልኝ ሦስተኛም አነበዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ውዬ ከሥራ በኋላ ጨረቃ ላይ ደርሼ ብመለስ ማንን በደልኩ?»

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ኃላፊው ስሜን ጻፈ። መጽሐፉንም መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ወደ ቤት ስሄድ የሒሳብ መምህሯ ዘይነባ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። በስብሰባው ላይ ትንፍሽ ስላላለች ተቀይሜያት ነበር።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ሁለተኛው ቅጽ አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«ለእኔ ስጪኝ። ቤትሽን ቢፈትሹ አያገኙትም። እኔም አነበዋለሁ።»

የመጀመሪያውን ሳታውቅ ሁለተኛው አይገባትም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ዝም ባልኩ ቁጥር «ከዚያስ?» ትለኛለች።

ቅዳሜ እንደገና ይጠሩኝ ይሆናል። ይጥሩኝ። የምመልሰው ያንኑ ነው።