አንተ የቀባኸው ግራሶ

ለምወድህና ለምቀናብህ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነዘንዝህ ጉልበትህስ ተሻለው? እንቅልፍ ይወስድሃል? ሥራውስ አልከበደህም? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የአባባ ዓይን ደከመ እንጂ ጆሯቸውስ ጉንዳን ሲራመድ ይሰማል። እኔም ደህና ነኝ፤ አልጠየቅከኝም እንጂ። በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅከው ስለ አባባ ካቻቢቴ ነው።

አዎ፣ ያ የእንጨት እጀታ ያለው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የሞተር ሕመም የሚያዳምጡበት። «ማስታወሻ ይሁነኝ፤ እዚያ የሚሠራበት ሰው የለም» ብለህ ጻፍክ። የሚሠራበት ሰው የለም! ሳነበው እርር ድብን አልኩ። አባባ ግን ወዲያው በጨርቅ ጠቅልለው ለልጄ ላኪለት አሉኝ። እኔ ምናቸው ነኝ? የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ማለት ይኸው ነው።

ስለ ውሃ መሳቢያው ሞተር ደግሞ ልንገርህ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ጓሮ ተቀምጧል። «እሱ በእጁ ዘግቶት ሄዷል፤ እሱ ይከፍተዋል» ይላሉ አባባ። ጎመኑን በባልዲ የማጠጣው እኔ፣ ሸራ ለብሶ እንደ ሙሽራ የሚጠበቀው ሞተሩ። ባለፈው ማክሰኞ አባባና እማማ ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ሸራውን ገፈፍኩት።

የማስነሻ ገመዱን ስስበው ላላ፤ አየር አምቆ የሚገፋበት ትንፋሽ የሚባል የለውም። ካንዴላውን ነቅዬ ክዳኑን ስፈታ፣ አንደኛው ቫልቭ እንደተከፈተ ደርቆ ቀርቷል። ዘንጉ ላይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ግራሶ! እንዳይዝግ ብለህ ስትሄድ የቀባኸው ግራሶ ሙጫ ሆኗል። አባባ ቫልቭ ዘይት እንጂ ግራሶ አይወድም ሲሉህ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አንተ አጠገባቸው ተቀምጠህ አልሰማህም። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። እሰይ፣ አይሳሳቴው ተሳሳተ! አልኩ።

ሞላውን አውልቄ ላምባ አጠጣሁት። መዶሻ አላነሣሁም። ዘንጉን በጣቴ ይዤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያልኩ፣ ላምባ እየጨመርኩ እስከ ቀትር ታገልኩት። በመጨረሻ ንቅንቅ አለ፤ ከዚያማ እሺ ብሎ ወጣልኝ። ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ ገጠምኩት። ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስስብ ተነሣ። ብቻዬን እልል አልኩ።

አባባ ድምፁን ከመንገድ ሰምተው እየተደናቀፉ ገቡ። ካቻቢቴውን ከጨርቁ አስፈትተውኝ አዳመጡ። ፊታቸው በራ። «አየሽ የልጄን እጅ! አራት ዓመት ተቀምጦ እንኳ አልተበላሸም» አሉ።

ግራሶውን የጠረግኩበት ጨርቅ እጄ ላይ ነበር። ላሳያቸው አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን ጨርቁን ኪሴ ከተትኩት። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።

ካቻቢቴውን አልልክም። ቅናት ነው በለኝ፤ አዎ ነው። በምትኩ ግራሶህን የጠረግኩበትን ጨርቅ ልኬልሃለሁ፣ ማስታወሻ ይሁንህ። ስትደውል ቫልቩን ማን እንዳላቀቀው ለአባባ አንተው ንገራቸው፤ ከአንተ አፍ ከወጣ ያምናሉ። እኔ እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

እማማ ጉልበቱን በሙቅ ውሃ ይያዘው ብለዋል። አባባ ዓይንህን ሳላይ አልሞትም ይላሉ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሁለቴ ሳምልኝ፣ አንዱ ከአክስቷ ነው በላት።

እህትህ
ከጓሮ፣ ሞተሩ አጠገብ
ኅዳር ፱ ቀን