የእናትሽ እግር ፍተሻ አለፈ

ለጠበቃዋ የእህቴ ልጅ፣

«አጎቴ፣ የጫማ ፎርማዎቹን በእጅ ሻንጣ አትያዝ፣ ይወስዱብሃል» ብለሽኝ ነበር። ይኸውልሽ፣ ተረታሽ!

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሿ የእናትሽን ጫማ የምሰፋባቸውን ሁለቱን የእንጨት እግሮች ከሻንጣዬ አወጣች። «አባባ፣ አንደኛው ለምን አጠረ? ውስጡ ምን ተደብቋል?» አለችኝ። አለቃዋም መጥቶ «ተሰንጥቆ ይታይ» አለ። ቢሰነጠቅ እኮ እናትሽ ለእህትሽ ሠርግ የምታደርገው ጫማ አይኖራትም!

እኔ ስንተባተብ እናትሽ ከኋላዬ ብቅ አለች፤ ለፍተሻው ጫማዋን አውልቃለች። ቤት እንግዳ ሲመጣ እግሯን ቀሚሷ ሥር የምትቀብረዋ ሴት፣ ያን ሁሉ ሰልፈኛ ከምንም ሳትቆጥር አጭሩን እንጨት መሬት አስቀመጠችና ግራ እግሯን አጠገቡ አሳረፈች። ልክክ!

«ይኸው የተደበቀው! አሁን የቱን ነው የምትሰነጥቀው?» አለችው። አለቃው እየሳቀ ሁለቱንም በእጁ አቀፈና መለሰልን።

ከዚያ እስከ አውሮፕላኑ በር ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ሄደች። «ኧረ ብርድ ይመታሻል» ብላት፣ «ዝም በል፣ ይዩት!» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እናትሽ ደህና ናት፤ በደስታ ምድር ጠብባታለች እንጂ።

አጎትሽ