የካዝናው ቁጥር

ውድ እህቴ ማርሊስ፣

ከነቤተሰብሽ እንዴት ከርማችኋል? እኛ ደህና ነን።

ከትምህርት ቤቱ ተኩስ ወዲህ ከተማው በስብሰባ ይጨቃጨቃል። ባለፋርማሲው «ችግሩ ጠመንጃው ሳይሆን የአእምሮ ሕመም ነው» ሲል ተናድጄ፣ «ታዲያ ሐኪሙ የታለ? ቀጠሮ የሚሰጡት ከአራት ወር በኋላ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። «አንተ ደግሞ ማንን ልታሳክም ነው?» ቢለኝ ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ልጄ ታነር ዘንድሮ አጋዘን አደን አልሄድም ብሏል። ከክፍሉም አይወጣም። ጉርምስና ነው መቼም።

የጠመንጃዎቹ ካዝና ቁጥር አባባ የመጀመሪያ አጋዘኑን የጣለበት ቀን አልነበር? ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ማክሰኞ ለማንም ሳልናገር ቀየርኩት። ትናንት ራት ላይ ታነር፣ «አባዬ፣ ቁጥሩን ለምን ቀየርከው?» አለኝ።

ቅዳሜ መኪና ይዘሽ ነይና ጠመንጃዎቹን ለባልሽ ውሰጂለት፤ ለአደኑ ይሁኑት።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ነገም ብትመጪ እቤት ነኝ።

ወንድምሽ ድዋይት