አለሚቱን ወንድ ያደረጉበት ሳምንት

ሰኞ፣ ከጥዋቱ 2 ሰዓት፣ ሂልብሮው

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ሻዩ ቀዝቅዟል። ረቂቄ እዚህ በስደት ካቋቋምነው እድር ተመልሶ መጣ፤ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሯል።

ማስታወሻዬ፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ለእድሩ የምስረታ በዓል መጽሐፍ ታሪካዊ ልብ ወለድ ጻፊልን ብለው የለመኑኝ እነሱ ናቸው። ጻፍኩ። በጣሊያን ዘመን ስለሰለለች ሴት። አለሚቱ ትባላለች፤ የማርታ አያት፣ በሕይወት የኖረች ሴት። በጣሊያኑ ሹም ቤት ወጥ ቤት ነበረች። የጦር መኪኖቹ መቼና በየት እንደሚወጡ ትሰማለች። ከዚያ ለቅሶ ትሄዳለች። እያለቀሰች የምትመጣን ሴት ኬላ ላይ የሚፈትሽ የለም። ለቅሶው ቤት ስትደርስ ሙሾ ታወርዳለች፤ ቀኑንና መንገዱን በሙሾው ውስጥ ታስገባለች። የአርበኞቹ እህቶች እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። የሹሙ አስተርጓሚ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው፣ ሙሾው የሚወርድበትን የመንደሩን ቋንቋ አያውቅም፤ እሱ የሚሰማው እዬዬ ብቻ ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጴጥሮስ ደወለ። ወንድ አድርጊያት አለኝ። ታደሰ የሚባል አርበኛ ይሰልል፣ እሷ ስንቅ ታቀብል። ለምን አልኩ። «ልብ ወለድ አይደል እንዴ እህቴ? ምን ይከለክልሻል?»

ታደሰ ኬላውን እንዴት እንደሚያልፍ ግን አልነገረኝም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

በታክሲ ከከተማው ውጭ ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ዳቬይተን ሄድኩ። ማርታ ከስፓዛዋ፣ ከትንሿ የሰፈር ሱቋ፣ ፍርግርግ ኋላ ሆና ዳቦና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ደንበኛውን በአገሩ ሰላምታ ሳውቦና አለችው፣ እኔን ደግሞ ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው አለችኝ።

የጴጥሮስን ምክንያት ከእሷ ሰማሁ። የእሱ የወንድም ልጅ የማርታን ልጅ ብሌንን ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለቱም ቤተሰብ የአንድ መንደር ሰው ነው፤ እዚያ የማርታ ቤት እስከ ዛሬ «የሶላቶ ሴት ቤት» ይባላል፤ አለሚቱ የጣሊያን ወታደር ውሽማ ነበረች ማለታቸው ነው። የማርታ አባት አንድም ቀን ለሽምግልና ሳይጠሩት ሞተ። አሁን ጴጥሮስ ደግ ሥራ የሠራ መስሎታል። ጀግና ወንድ አያት ከተገኘ ስድቡ ይቀራል፣ ሠርጉም ይሠምራል።

ማርታ ፈርታለች። በእኔ ጽሑፍ ሰበብ ጋብቻው ቢፈርስስ? ብሌን ግን ቀለል አድርጋ ተናገረች፦ «ማሚ፣ ወንድ አያት ከፈለጉ እነሱ ቤት ሞልቷል።»

ማርታ ሳቀች። ወዲያው አለቀሰች።

ሐሙስ

ተናድጃለሁ። ሦስት ጊዜ ለመሥራት ተቀመጥኩ፣ ሦስቴም ተነሳሁ። ጣሊያን ሊይዛት ያልቻለውን ሴትዮ የእድር ኮሚቴ ያዛት! በሰው እሳት ፊት ቆማ፣ ጎረቤት እየተፋባት፣ አፏን ዘግታ የኖረች ሴት። ስድቡ መሸፈኛዋ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ የሚያወልቅላት ሰው ጠፋ። አሁን ደግሞ ሊያወልቁላት ሳይሆን ታደሰን ሊያለብሷት!

ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

ከዳቬይተን ተመለስኩ። እንደሆነው ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ተቀመጡ። ጴጥሮስ ተነሳ። የጀግናው የታደሰ ዘር ከሆነ ቤት ልጅ ልንጠይቅ መጥተናል አለ። ታደሰ! በአምስት ቀን ከወረቀት ወጥቶ ሰው ሆነ።

ማርታ ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋች። እና ሙሾ አወረደች። ጸሎት እንጂ ሙሾ በማያውቅ የፕሮቴስታንት አማኝ ቤት፣ ያውም በሽምግልና ቀን! ሟርት ነው። ቋንቋው የመንደራቸው ነው፤ ብሌን በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

ማክሰኞ ጥሎኝ ሄደ፣ በዝግባው ቁልቁለት፤
ብቻውን አይደለም፣ ወንድሞቹ ይድረሱለት።

አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሳ። ልጅ ሊያጩ በመጡበት ለቅሶ! ሌሎቹም ተነሱ። ልጆቹን ሊጠይቅ ከአገር የመጣው ጋሽ ሎምበሞ ብቻ አልተነሳም። ዓይኑን ጨፍኖ ቀጣዩን ስንኝ ጨረሰላት። የአርበኛ እህት የነበረችው እናቱ ወፍጮ ላይ ሆና ትለው እንደነበር ነገረን። የማን ነው ብሎ ሲጠይቃት መፍጨቷን ትቀጥል ነበር።

«የማን ነው?» አላት ማርታን።

«የአያቴ ነው። የአለሚቱ።»

ጋሽ ሎምበሞ ወደ ቆሙት ዞረ። «ምን ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!»

ብሌን ታጨች። በአለሚቱ ስም።

ስወጣ ጴጥሮስ በር ላይ ያዘኝ። «እህቴ፣ በቤት አውቀነዋል፣ ይበቃል። መጽሐፉ ግን የአደባባይ ነው። ታደሰ ይሁን።»

እሑድ፣ ጥዋት

አልተኛሁም። መጽሐፉ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ገጾቹን የማሰናዳው እኔ ነኝ።

ጋዜጣ ቤት ሳለሁ በበላይ ትእዛዝ ተቆርጦ የወጣ ጽሑፍ ቦታው በማስታወቂያ ይሞላ ነበር። አንባቢ መቆረጡን እንዳያውቅ። ይህን ቦታ ግን በታደሰ አልሞላውም።

ለማርታ ደወልኩ፣ የአያቷን ስም ብቻ አውጥቼ ገጹን ባዶ ብተወውስ ብዬ ጠየቅኳት። ስሟን በትልቁ ጻፊው አለች። ለጴጥሮስ ጽፌ ላክሁለት፦ ወይ አለሚቱ ሴት ሆና ትወጣለች፣ ወይ ከላይ ስሟ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት። የተቀረውን አንባቢ ይጠይቅዎት።

ስልኩ እየጮኸ ነው። እሱ ነው።

ይጩህ።