አልሸጥ ያለው ባለአልጋ መኪና

ለባለቤቴ እናት፣ ከወለደችኝ ለይቼ ለማላይዎት ለእኔም እናት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የደም ግፊቱ መድኃኒት በሰዓቱ እየተዋጠ ነው ወይስ እንደ አምናው ደህና ስሆን ተውኩት ሊሉኝ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዝናቡ በቀር የምናማርረው የለም። ልጃችን ኤልሳቤጥም ኮሌጇን በርትታ ይዛለች። ስደውልላት አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ የእርስዎ ስም ሲነሳ ግን አማርኛዋ ከየት እንደሆነ እንጃ ይመጣላታል።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዛት ብለው እንደሚገረሙ አውቃለሁ። እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ ስልክ ድምፁ ለሰፈሩ ሁሉ የተከፈተ ነው። ስለ ወገቤ ሕመም የነገርኩዎት ጊዜ በማግሥቱ የጎረቤትዎ ልጅ ከዱባይ ደውላ እግዚአብሔር ይማርሽ ብላኛለች። ይህንን ግን ለብቻዎ እንዲያነቡት ስለፈለግሁ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በምትመጣው በቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ በማንአልሞሽ እጅ ከመድኃኒትዎ ጋር ልኬዋለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ቁጭ ይበሉ። እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ግን ለቅሶ እንዳይጀምሩ።

እኔና ልጅዎ ሥዩም ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆኖናል።

ወረቀቱን አስቀምጠው ሲያማትቡ ይታየኛል። ያንሱትና ይቀጥሉ። እሱ ታኮማ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከወደቡ ዕቃ ያመላልስ ነበር፤ እኔ ሬኒየር ቢች እዚያው አፓርታማችን ውስጥ ቀረሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጎን ለጎን ተቀምጠን በቪዲዮ የሚያዩን ያ ነጭ ቁም ሣጥን ያለው ወጥ ቤት ደግሞ የቤታችን አልነበረም። የመኪና ወጥ ቤት ነው።

መኪናውን ላስረዳዎት። አርቪ ይሉታል። ከፊቱ መሪ አለው፤ ከኋላው አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያ ሳይቀር የተገጠመለት፣ አውቶቡስ የሚያህል ነገር ነው። ፈረንጆቹ ጡረታ ሲወጡ ይገዙትና ከአገር አገር ይዞሩበታል። በኮቪድ ጊዜ ሰው ሁሉ ሆቴልና አውሮፕላን ሲፈራ፣ ይህንን መኪና ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ የማይል አልነበረም። ልጅዎም አንዱ ሆነ። ለቤት መግዣ ብለን አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀምነውን ገንዘብ እኔን ሳያማክር ወስዶ ከፈለና፣ አረጋውያን ከምንከባከብበት ቤት ሥራ ውዬ ስመለስ በራችን ላይ ገትሮት ጠበቀኝ። ቤት ስትይ አልነበር፣ ይኸው ጎማ ያለው ቤት! አለኝ። እንደዚያን ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔ አልሳቅሁም።

ሁለት ጊዜ ብቻ ወጣንበት። አንዴ ወደ ውቅያኖሱ ዳር ሄደን ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበብን፤ ሁለተኛው ጊዜ ጣሪያው ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ተጋጨና አልጋው ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ መኪናው ቆመ። እኔ ግን አላቆምኩም። እማዬ፣ ጥፋቱ የልጅዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። ምሳ ስናቀርብ፣ እራት ስናነሳ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ገንዘብ አነሳሁበት። ኤልሳቤጥ ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ መካከላችን ገብታ የምታስቀን ጠፋች። አንድ ቀን ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ወጣ።

ሥዩም ሁልጊዜ የሚያወራልዎት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ አራት ጊዜ አስቀምጠው መከሩን። አልሰማ ስንላቸው፣ በሉ እንግዲህ ተለያዩ፣ ብቻ ከመፈራረማችሁ በፊት የጋራችሁ የሆነውን ያንን መኪና ሽጡ አሉን። ሲሸጥም ሁለታችሁ ባላችሁበት ይሁን፣ ነገ እንዲህ አደረገኝ፣ እንዲህ አደረገችኝ እንዳትባባሉ፤ በተሸጠ ማግሥት ምስክር ሆኜ እፈርማለሁ አሉ። እኛም ተስማማን። መኪና መሸጥ ቢበዛ አንድ ሳምንት ይፈጃል ብለን ነበር።

ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ዳር ማቆም ስለማይቻል፣ ከእሱም ከእኔም እኩል በሚርቅ ኬንት የሚባል ቦታ ግቢ ተከራይተን አቆምነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንገናኝና አሮጌ መኪና ገዝተው ወደሚሸጡ ሻጮች ይዘነው እንሄዳለን። በመጀመሪያው ቀን ልንነሳ ስንል እርስዎ ደወሉ። ሥዩም ደንግጦ ስልኩን ምድጃው ላይ አስደገፈው፤ እኔም ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እርስዎ ደግሞ በየሳምንቱ፣ አንዳችሁ ብቻ ነው የምትታዩኝ፣ ጠጋ በሉ እንጂ ይላሉ። እኛም እንጠጋለን። ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ሻጭ መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ኮምፒውተሩን ነካካና አንድ ዋጋ ነገረን። ሥዩም ቀብዱ መስሎት፣ ኦኬ፣ ቀሪውስ መቼ ነው የሚከፈለን ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው በመስኮት ወደ ግቢው አሳየን። እንደኛ ያለ መኪና ጎን ለጎን ተደርድሮ መሄጃ የለም። ያኔ የገዛው ሁሉ አሁን እየሸጠ ነው፣ ወለዱ ጨምሯል፣ አዲሱንም በቅናሽ እየሰጠን አሮጌውን ማን ይወስድልናል አለን። ሁለተኛው ጋ ስንሄድ ቦታ የለንም ብለው ከበሩ መለሱን። ሦስተኛው፣ ጥሬ ገንዘብ አልሰጥም፣ ግን የእናንተን አስረክባችሁ ከእኔ ተለቅ ያለ አዲስ ብትወስዱ፣ አሮጌውን በጥሩ ዋጋ አስብላችኋለሁ አለ። ልጅዎን ማየት ነበረብዎት! ዓይኑ በራ፤ የአዲሱን አልጋ በእጁ እየተጫነ መሞከር ጀመረ። ጃኬቱን ይዤ ጎትቼ አወጣሁትና፣ ሥዩም፣ እኛ እኮ የመጣነው ልንፋታ ነው አልኩት። ቆሞ አየኝ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ይሁን እኔ አላውቅም፤ ብቻ ሰው እስኪያየን ድረስ ሳቅን። ከልጅዎ ጋር የሳቅሁበትን ጊዜ ረስቼው ነበር።

ወር በገባ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። የሚገርመው፣ እያንዳንዱ ቅናሽ ሲነገረን እኔ መናደድ ትቼ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ጠዋት ተነስቼ ፀጉሬን እሠራለሁ። ለመኪና ሻጭ ብዬ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

በመጨረሻ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ እኔ ልምጣና ላደራድራችሁ ብለው ታኮማ ወዳለ አንድ ሻጭ አብረውን ሄዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእኛና በሰውዬው መካከል ተቀመጡና፣ አንተም ትንሽ ጨምር፣ እነሱም ትንሽ ይቀንሱ፣ በእርቅ እንጨርሰው አሉት። ሰውዬው ኮምፒውተሩን አዙሮ ዋጋው እዚህ ላይ ነው የተጻፈው አላቸው። ልጄ፣ እኔ የማነጋግረው አንተን ነው እንጂ ሳጥኑን አይደለም አሉት። ለምን እንደምንሸጥ ሲጠይቃቸው ደግሞ ሽማግሌ አይዋሽም ብለው፣ ሊለያዩ ነው ብለው ነገሩት። ታዲያ ቸኩላችኋላ አለና ከነበረው ላይ ቀነሰ። ስንመለስ እሳቸው ከኋላ አልጋው ላይ ተጋድመው፣ ይህ አልጋ እንዴት ይመቻል፣ አትቸኩሉ፣ ገበያው ይሻሻል ይሆናል እያሉ ተኙ።

ከዛሬ አሥር ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ያኪማ ከሚባል ከተማ አንድ ጡረተኛ መምህር ከሚስቱ ጋር መጣ። አዩት፣ ወደዱት። የሰጡን ዋጋ ከገዛንበት ከግማሽ በታች ነው፤ ግን ከሻጮቹ ሁሉ የተሻለ ነበር። ሥዩም እኔን አየ፣ እኔም እሱን አየሁ። ከዓመት በላይ ስንለምነው የኖርነው ነገር መጥቶ እንቢ የምንልበት ምክንያት አጣን። እሺ አልን። ልክ ያኔ እርስዎ ደወሉ።

ያስታውሳሉ፣ ከኋላችን አንዲት ፈረንጅ አይተው ማናት አሉን። ሥዩም እንግዶች ናቸው ሲልዎት፣ እንግዳ አቁማችሁ ከእኔ ጋር ታወራላችሁ? ምን አቀረባችሁላቸው? ብለው ተቆጡን። እኔም ስልኩ ሲዘጋ ጓዳው ውስጥ ባለው ዱቄትና ቅቤ ጨጨብሳ ሠራሁላቸው። በዚያ ምድጃ የሠራሁት የመጨረሻው ነው። ሰውዬው ጣቱን እየላሰ በላ። ሚስቲቱ ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ ብላ ስትጠይቅ፣ ሥዩም ሳያመነታ ሃያ አንድ ዓመት አላት። ላርመው ስችል ጨጨብሳ ጨመርኩላቸው።

ቁልፉን ሰጠናቸው፤ ሄዱ። እኔና ሥዩም ብርድ ልብሱንና ሁለቱን ኩባያ በፌስታል ይዘን ባዶው ቦታ ላይ ቀረን። ዙሪያው በዝናብ ርሷል፣ መኪናው የነበረበት ብቻ ደረቅ ነው። ከእንግዲህ ወደ ኬንት የሚያመጣን ነገር አልነበረም። አሁን ለጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ደውዪላቸው ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ መሬቱን እያየ፣ ለእማዬ የሚመጣው ቅዳሜ ከየት ነው የምንደውለው? አለኝ። እማዬ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሃያ አንድ ዓመት የኖርኩት ሰው መሆኑን ያኔ ነው ልቤ የነገረኝ። የእኔም ቤት እኮ ወጥ ቤት አለው አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ወጥ ቤቱ ተቀየረብኝ ሲሉ፣ ቀለም ቀብተነው ነው ብሎ የዋሸዎት ስለዚህ ነው። እርስዎ ግን ምንም ሳይገረሙ፣ ይኸኛው ይሻላል፣ ሞተር አያስጮህም አሉን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እኔና ሥዩም፣ ሞተሩን በምን አወቁ ተባባልን። እሁድ ደግሞ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ደውለው መኪናው ተሸጠ ወይ አሉን። ገና ነው አልናቸው፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለን። እሳቸውም እየሳቁ፣ እሰይ፣ ለእናታችሁ ጉልበት የነገርኳቸውን ቅባት ላኩላቸው አሉ። እሳቸውና እርስዎ እንደሚደዋወሉ እኛ አናውቅም ነበር።

እንግዲህ በእርስዎ በኩል ያለውን እርስዎ ያውቁታል። በእኛ በኩል ግን በየሳምንቱ ዓይን ዓይንዎን እያየን ስለዋሸንዎት እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥዩምን አይቆጡት፤ የሚቆጡት ከሆነም ድምፁን ዝቅ አድርገው ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥዩም ለቅዳሜው ጥሪ የመጣው አርብ ከሥራ መልስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከታኮማ የሚመጣው አውራ ጎዳና ስለሚጨናነቅ እንዳላረፍድ ብዬ ነው አለኝ። ይህንን ስጽፍልዎ ማክሰኞ ነው። መንገዱ እስካሁን አልተቃለለለትም መሰለኝ።

አምላክ ጉልበትዎን ያበርታ፣ ዕድሜዎን ያርዝም፣ የኤልሳቤጥን ምርቃት ያሳይዎት። በረከትዎ አይለየን።

ምራትዎ