ከጀርባዋ ስጠራት

ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ልጅሽ በልታ ጠግባ ተኝታለች፤ እኔም ደህና ነኝ።

እህትሽ፣ «እማዬ ጃጅታለች፤ ከሕፃኗ ጀርባ ቆማ የድስት ክዳን ታጋጫለች» ብላ እንደነገረችሽ ሰምቻለሁ። አልጃጀሁም። ያጋጨሁትም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ልጅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ውሃ ሲጠማት እጄን ይዛ ወደ ቧንቧው ትጎትተኛለች። ስቆጣ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ቅንድቤን አይታ ለንቦጯን ትጥላለች። ፊቴን ካዞርኩባት አገጬን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ትመልሰዋለች። ከጀርባዋ ስጠራት ግን አሻንጉሊቷን ማልበሷን ትቀጥላለች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ይህን አይቶ፣ «እማማ፣ እርስዎን ነው የወጣችው፤ ቢጠሯት ዞር አትልም!» ብሎ ሳቀ።

«እኔ ስጠራ የማይዞር ልጅ አሳድጌ አላውቅም» አልኩት። ሳቁን ዋጠው።

ባለፈው ደብዳቤዬ፣ «የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና አጠገቧ ሲንጫጫ እንኳ የማትነቃ ጨዋ ልጅ ናት» ብዬ በኩራት ጽፌልሽ ነበር። እባክሽ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዢው። በችኮላ የተጻፈ ነው።

አንቺ ከሥራሽ እንዳትቀሪ። ስትደውዪ ግን ፊትሽን እንድታይ በቪዲዮ ይሁን። ፈጣሪ ካንቺ አይራቅ፤ ሰላም ሁኚልኝ።

ነገ በመጀመሪያ ፀጉሯን አጥቤ ከጆሮዋ ወደ ኋላ እጎነጉነዋለሁ። ከዚያ የክትባት ካርዷን ይዤ፣ የጤና ጣቢያው በር ሳይከፈት ከወረፋው ፊት እቆማለሁ። ስንገባ ፊቷን ወደ እኔ አዙሬ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ። እሷ እያየችኝ ስለሆነ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ፈገግ ብዬ እሰማለሁ።

እናትሽ