ለግዕዝ የዳርኋቸው ቃላት

ሚያዝያ 6 ቀን 1930
ይጁቤ ገበያ ዋልሁ። ወረቀት ፍለጋ ሱቀኛዋ መዲና ዘንድ ገባሁ። የቃላት መጽሐፌ «ጠ» ላይ ደርሷል። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ…

ከጻፍሁት ጥቂት ሳነብላት «የኔታ፣ ሳሙና የሚለውን ቃል ከምን አመጡት?» አለችኝ።
«ከግዕዝ ነዋ።»
«የኛ ሸሆች እኮ በዐረብኛ ሳቡን ይሉታል።»

ተናደድሁ። ሱቀኛ ታርመኝ? እውነቱን ለመናገር ሥሩን አላገኘሁትም ነበር። ሥር ያጣሁለትን ቃል ሁሉ ለግዕዝ ድሬዋለሁ። መምህሬም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

ሚያዝያ 19
አርበኛ አሳድራችኋል ብሎ ጣሊያን መንደራችንን አቃጠለ። ባለቤቴን ወለተ ሚካኤልን ይዤ ሸሸሁ። ሰው ተርፏል፣ ተመስገን። መጽሐፌ ግን አመድ ሆነ። የተረፈው በጉያዬ የነበረው ይህ ማስታወሻ ብቻ።

ግንቦት 3
እህቴ ቤት ተጠግተናል። ሁለተኛ ቃል አልለቅምም።

ግንቦት 14
መዲና መጣች፣ ከይጁቤ ድረስ በእግሯ። የስኳር መጠቅለያ ወረቀት አጠራቅማ፣ እኩል እኩል ቆርጣ፣ በክር ሰፍታ ሰጠችኝ።

«ይጀምሩ እንጂ የኔታ።»
«አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው፣ መዲና። ዕድሜው ከየት ይምጣ?»
«የሚያውቁትን መጻፍ ምን ጊዜ ይፈጃል?»

የማውቀውን… ስንቱን አውቄ ነበር የጻፍሁት? አፈርሁ።
«ሳሙናው ላይ ዋሽቻለሁ» አልኋት።
ሳቀች። «እንግዲያ እንደገና መጻፍዎ በጀ» አለች።

ግንቦት 15
«ሀ» ብዬ ጀመርሁ። ወለተ ሚካኤል አየችኝ። ቀለሙን እሷ በጠበጠችልኝ።

ሰኔ 1
ሮብ ገበያ ሄድሁ። ድሮ ለሰው እነግር ነበር እንጂ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሸማኔውንም ሸክላ ሠሪዋንም እጠይቃለሁ፤ ከየቃሉ አጠገብ የነገረኝን ሰው ስም እጽፋለሁ።

ዛሬ ከአገው ምድር የመጡ ማር ነጋዴዎች አገኘሁ። ዶሮን በቋንቋቸው ምን እንደሚሏት ጠየቅኋቸው። ከኛው አጠራር ብዙም አይርቅም። ግዕዙም ዶርሆ ይላል። ማን ከማን ወሰደ? እነሱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ማታ ብዕሬን አነሣሁ። ከዚያ ከዶሮ አጠገብ «ምንጩን አላውቅም» ብዬ ጻፍሁ። በስድሳ ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀለል አለኝ።